ከጸሎቱ ለምን ትወጣለች?

ባለቤቴ በመጋቢነት በሚያገለግልባት በለንደን ባለች የአማርኛ ተናጋሪዎች ቤተ ክርስቲያን እሑድ ከመዝሙር በኋላ ጉባኤው በሙሉ በአንድነት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጸልይበት ሰዓት አለ። ኪቦርዱ ይጮኻል፣ ድምፅ ማጉያው ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል፣ ሕዝቡም በአንድ ጊዜ ወደ ጌታ ይጣራል። እኔ ይህን ሰዓት እወደዋለሁ። አንዲት እህታችን ግን ጸሎቱ በጋለ ቁጥር ብድግ ብላ ትወጣ ነበር። አንድ ሰሞን ዝም አልን። ኋላ ግን «ጸሎት ሲጀመር አላስቆም የሚላት ምንድን ነው?» መባል ተጀመረ። መልሱ ምን እንደ ነበር አብዛኞቻችሁ ትገምታላችሁ።

ጠርተን ጸለይንላት። እኔም እጄን ጭኜባት ነበር። ጆሮዋን በሁለት እጇ ስትይዝ እኛ ድምፃችንን ይበልጥ ከፍ አደረግን። ስታለቅስና ስትንቀጠቀጥ ደግሞ «ተነካች» አልን። ይህን የምጽፈው እርሷና ባለቤቷ ፈቅደውልኝ፣ እንዲያውም «ጻፊው» ብለውኝ ነው። ማንነታቸውን የሚገልጥ ነገር ግን አላነሣም።

ያኔ ዕድሜዋ 38 ነበር። በትዳራቸው ጉዳይ ወደ እኛ ከመጡ ቆይተዋል። የባለቤቷ ክስ አንድ ነበር፤ «ሚስቴ ሰው አትወድም» ይላል። እርሱ እንግዳ የሚወድ፣ ከአምልኮ በኋላ አራት አምስት ሰው ሳያስከትል ቤቱ የማይገባ ሰው ነው። እርሷ ምግቡን አቅርባ መኝታ ቤት ትገባና በሩን ትዘጋለች። አንድ ቀን «እንግዶች ይመጣሉ፤ ትንሽ ነገር አዘጋጂ» ብሏት ኖሮ ለስምንት ሰው አንድ ሳህን ዳቦ ቆሎ አቀረበች። በእኛ አገር «ትንሽ ነገር» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። ባልየው በሰው ፊት እንዳዋረደችው ቆጠረው። እርሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ «ትንሽ ነገር ብሎኝ እኮ ነው!» ትላለች።

እኔ ምን መከርኳት? ምሳሌ 31ን እንድታነብ፣ እንግዳ መቀበልን እንድትለማመድ፣ በልቧ ይቅር ያላለችው ሰው ካለ እንድትመረምር ነገርኳት። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ምክር አገልግሎት ተምሬአለሁ፤ ጥሩ ውጤትም ነበረኝ። ስለ ኦቲዝም ግን አንድም ቃል ሰምቼ አልወጣሁም።

ነገሩ የተገለጠው በልጃቸው በኩል ነው። ትምህርት ቤቱ ልጁ ቢመረመር መልካም ነው ብሎ ለወላጆች የሚሞላ ቅጽ ላከ። ድምፅ ይረብሸዋል ወይ? ዕለታዊ ልማዱ ሲለወጥ ይጨነቃል ወይ? የሰው ንግግር ቃል በቃል ይወስዳል ወይ? እናት ስትሞላ ስትሞላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ባሏን ጠርታ «ይህ እኮ እኔ ነኝ» አለችው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። ኦቲዝም በቤተሰብ ውስጥ የመውረስ ጠባዩ ጠንካራ በመሆኑ በልጃቸው ምርመራ ራሳቸውን ያገኙ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ኦቲዝም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የማይናገር ሕፃን ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ስለ ጉዳዩ ሲጽፍ የገለጻቸው 11 ልጆች ነበሩና አስተሳሰቡ ከዚያ ቢወረስ አይደንቅም። ነገር ግን ከእነዚያ ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት አድጎ ባንክ ውስጥ ሠርቷል፣ መኪና ነድቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ ነው ያረፈው። ኦቲዝም አብሮ የሚወለድ የአእምሮ አሠራር ነውና ሕፃኑ ሲያድግ አይተወውም። ከ11ዱ ልጆች ስምንቱ ወንዶች መሆናቸውም የራሱን ጥላ ጥሏል፤ ለብዙ ዘመን ነገሩ የወንዶች ተደርጎ ታየ። ብዙ ሴቶች ደግሞ ሌላውን እያዩ መምሰልን ይማራሉ።

እህታችን የነገረችኝን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ማታ መስታወት ፊት ቆማ ትለማመዳለች፦ ማንን ስንት ጊዜ እንደምትስም፣ «ልጆች ደኅና ናቸው?» ካለች በኋላ ምን እንደምትጨምር፣ መቼ ፈገግ እንደምትል። እሑድን እንዲህ ትወጣዋለች። ሰኞ ከአልጋ መነሣት ያቅታታል። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ «ድብርት ነው» ተብላ ለዓመታት መድኃኒት ወስዳለች። ድብርቱስ እውነት ነበር፤ ከየት እንደመጣ ግን የጠየቃት አልነበረም።

በእንግሊዝ አገር መንገዱ የሚጀምረው ጂፒ ከሚባለው የሰፈር ሐኪም ነው። እርሱ አጭር መጠይቅ አስሞልቶ ወደ ባለሙያዎች ይልካል። በመንግሥት ሕክምና ክፍያ የለውም፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። እርሷ ሁለት ዓመት ተኩል ጠበቀች። በደም ወይም በራጅ የሚታይ ነገር ስለሌለ ምርመራው ንግግር ነው። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ሥራዋ ለሰዓታት ጠየቋት። ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ሰጥተውም ታሪኩን እንድታወራ አደረጉ።

ከሁሉ የከበደው የልጅነቱ ምስክርነት ነበር። ምልክቱ ከልጅነት ጀምሮ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋልና ኢትዮጵያ ያሉት እናቷ በስልክ፣ በአስተርጓሚ ተጠየቁ። «ዓይን ዓይን ታያለች ወይ?» ሲባሉ እናት ተቆጡ፤ «ጨዋ አድርጌ ነው ያሳደግኳት! ትልቅ ሰው ዓይን ላይ የምታፈጥ ልጅ አልወለድኩም» አሉ። አያችሁ፣ ለፈረንጁ ሐኪም ምልክት የሆነው ለእኛ መልካም አስተዳደግ ነው። ደግነቱ መርማሪዋ ትዕግሥተኛ ስለነበረች ጥያቄውን ቀየረችው። ያን ጊዜ እናት ሠርግ ቤት በተሄደ ቁጥር ልጅቱ ከበሮውን ሸሽታ ጎተራ ሥር ትደበቅ እንደነበር፣ ቀሚሷን ገልብጣ ካልለበሰች ስፌቱ አቃጠለኝ ብላ ታለቅስ እንደነበር አወሩ። አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወሬ ነው፤ እናት ግን አልረሱትም። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ምርመራ የምታስቡ ካላችሁ እናቶቻችሁና ታላላቆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ጻፉት።

ውጤቱ ሲነገራት እርሷ በእፎይታ አለቀሰች። ባልየው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ይድናል?» ኦቲዝም መድኃኒት የሚሰጥበት በሽታ አለመሆኑ ሲነገረው ሚስቱን «በሽተኛ አደረጓት» ብሎ ለወራት ከእኛም አኮረፈ። ነገሩ ወዲያው አልተቃናም። ባለቤቴ ምንም ሳይመክረው አብሮት በእግር እየተንሸራሸረ ነው የሰነበተው። አሁን ቤታቸው እንግዳ የሚመጣው በወር አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም «ለስምንት ሰው፣ ሁለት ዓይነት ወጥ» ብሎ ቁጥሩን ይናገራል።

«ታዲያ እምነታችንስ የት ሄደ?» የሚሉኝ ወገኖች አሉ። ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ አይቻለሁም። ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከመወለዱ ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው ሲያዩ የማን ኃጢአት እንደሆነ ነበር የጠየቁት፤ ጌታ ግን የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነገራቸው። እኛም የደቀ መዛሙርቱን ጥያቄ ይዘን ነበር እጃችንን የጫንነው። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። «አውቃለሁ፣ እህቴ፤ ደግሞም በጣም ትጮኺ ነበር» አለችኝ። እንዲህ ናት፤ እውነቱን ሳትቀባ ትናገራለች።

ለባለ ትዳሮች አንድ ነገር ልጨምር። ይህን አንብባችሁ ማታ ባላችሁን ወይም ሚስታችሁን «አንተም ኦቲዝም አለብህ» እንዳትሉ። ዝምተኛ ሁሉ፣ ብቸኝነት የሚወድ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም፤ የሥነ ልቦና ቁስል ወይም ጭንቀትም ይመስላልና መለየት የባለሙያ ሥራ ነው። ደግሞ ኦቲዝም የሚማታ እጅን ወይም የሚሳደብ አፍን አያጸድቅም።

በአገር ቤት ላላችሁ ነገሩ ይከብዳል። ዘሚ የኑስ በልጇ ምክንያት ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚያወራ ጥቂት ነበር። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ አዋቂዎች ናቸው። አሁንም ግን ኦቲዝም በብዙዎቻችን ዘንድ የሕፃናት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ስለ አዋቂ ሰው እንደምትጠይቁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የልጅነቱን ታሪክም ጽፋችሁ ያዙ።

እህታችን ምርመራዋን ለጉባኤው አልተናገረችም፤ መናገር የእርሷ ፈንታ ነው። በጸሎት ሰዓት አሁንም ትወጣለች፤ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስቀምጠንላታል፣ እዚያ ሆና ትጸልያለች። ባለፈው ትንሣኤ ቤቷ ሄጄ ቡና አፈላች። ሁለተኛውን ጠጥተን በረካው ሳይቀዳ «እህቴ፣ ደከመኝ» አለችኝ። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።