ከናይሮቢ አጠገብ የወደቀው የሰማይ ደንጊያ

ቅዳሜ ሐምሌ 9 ቀን 2003 ዓ.ም. ጧት፥ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቲካ ከተማ አካባቢ ከሰማይ ደንጊያ ወደቀ። ሊቃውንትም መርምረው በከተማይቱ ስም «ቲካ» ሲሉ መዘገቡት፤ ወገኑም ኤል 6 ከሚባለው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ደንጊያ የሚለውጠው ከምድር ጋራ መጋጨቱ ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወደ አየራችን ሲገባ በሴኮንድ ከ11 ኪሎሜትር በማያንስ ፍጥነት ቢሮጥም፥ ትንሽ ደንጊያ ሲሆን አየሩ ልጓም ይሆንበታል። ቀልጦ የሚጠቍረውም ስስ ቅርፊቱ ብቻ ነው። ውስጥን የሚለውጠው ታላቁ ምት የሚደርሰው እጅግ ቀድሞ፥ በማርስና በጁፒተር መካከል ነው። የኤል ወገን እናት የነበረችው አካል ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሌላ ጋራ ተጋጭታ እንደ ተሰባበረች ሊቃውንት ያምናሉ።

ክሪስታል ማለት አቶሞቹ በሰልፍ እንደ ቆሙ ወታደሮች ተራ ጠብቀው የተደረደሩበት ጠጣር ነገር ነው፤ የወጥ ቤታችን ጨው እንኳ ክሪስታል ነው። በመዶሻ ቢመቱት ይሰበራል እንጂ የሰልፉ ሥርዓት አይለወጥም። በሴኮንድ ብዙ ኪሎሜትር በሚሮጥ አካል ሲመታ ግን የምቱ ማዕበል ከድምፅ ፈጥኖ በውስጡ ያልፋል፤ ግፊቱም ከአየራችን ግፊት ብዙ መቶ ሺሕ እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ የአንዳንዱ ማዕድን ሰልፍ ፈርሶ እንደ ብርጭቆ ይቀራል። ኦሊቪን የተባለው አረንጓዴ ማዕድን ደግሞ ሰልፉን አጥብቦ ሪንግዉዳይት ወደሚባል ከባድ ማዕድን ይለወጣል።

ይህ ሪንግዉዳይት በተፈጥሮ መጀመሪያ የታወቀው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተገኘውም በ1879 በአውስትራልያ በወደቀው፥ እንደ ቲካው ሁሉ ኤል 6 በሆነው በቴንሃም ደንጊያ ውስጥ ነው። በ2014 ደግሞ ከዚያው ደንጊያ ብሪጅማናይት ተገኘ። ይህ ማዕድን ከእግራችን በታች ከ660 ኪሎሜትር ጀምሮ እጅግ በብዛት እንዳለ ይታመናል፤ ሰው የቈፈረው ጥልቁ ጕድጓድ ግን ከ12 ኪሎሜትር ብዙ አያልፍም። ማዕድን በተፈጥሮ ካልተገኘ ስም ስለማይሰጠው፥ በምድር ውስጥ የሞላው ነገር ስሙን ያገኘው ከሰማይ በወረደ ደንጊያ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ማዕድናት የሚገኙት በደንጊያው ውስጥ በተጋደሙ፥ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ጥቍር ሥሮች አጠገብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደንጊያ ያገኘ ሰው አይስበረው፤ ብረት ስላለበትም እንዳይዝግ በውሃ አይጠበው። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ፥ የወደቀበትን ቀንና ቦታ ጽፎ፥ ናይሮቢ ቢሆን ለብሔራዊው ሙዚየም፥ በአገራችን ቢሆን ለዩኒቨርሲቲ ያስረክበው።