የሳንባ ካንሰር ወደ ልብ ሲዛመት በምን ይለያል? የካርቱም ፈተና

ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ጋደም ሲል የሚብስበት፣ እግሩም ያበጠ ሕመምተኛ እንደ ካርቱም ባለ ከተማ ሐኪም ፊት ሲቀርብ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ካንሰር አይደለም። የልብ ድካም ወይም ቲቢ ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ቲቢ በተስፋፋባቸው የአፍሪካ አገራት በልብ ዙሪያ ፈሳሽ እንዲጠራቀም ከሚያደርጉ ሕመሞች ዋነኛው እርሱ ነውና። ነገር ግን ከሳንባ ተነስቶ ወደ ልብ የተዛመተ ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

ከልብ የሚነሳ ካንሰር እጅግ ብርቅ ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ወደ ልብ የሚመጣው ግን ቢያንስ 20 እጥፍ ይበልጠዋል፤ በብዛት መነሻ የሚሆነውም ሳንባ ነው። እጢው በቀጥታ እየገፋ፣ በሊምፍ ቧንቧዎች ወይም ከሳንባ ወደ ልብ በሚገቡ የደም ሥሮች በኩል ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በልብ ጡንቻ ላይ ሳይሆን ልብን በሸፈነው ስስ ከረጢት ላይ ነው።

በጤናማ ሰው ከረጢቱ ከ50 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ፈሳሽ ይይዛል። ካንሰሩ ሲደርስበት ፈሳሹ ይጨምራል። ቀስ በቀስ ከሆነ ከረጢቱ እየተለጠጠ ከአንድ ሊትር በላይ ሊችል ይችላል፤ በፍጥነት ከሞላ ግን 200 ሚሊ ሊትር እንኳ ልብን ጨምቆ ደም እንዳይረጭ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የአንገት ደም ሥሮች ይገተራሉ፣ የልብ ምት ድምፅ ይደክማል። ቀጠሮ የማይሰጠው ሁኔታ ነው።

በራጅ ላይ ልብ ሰፍቶ መታየቱ ጥርጣሬ ያጭራል። ፈሳሹን በግልጽ የሚያሳየው ግን በተለምዶ "ኢኮ" የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። መሣሪያው ታማሚው አልጋ ድረስ ሊወሰድ የሚችል በመሆኑ በችግር ጊዜ ይበልጥ ይጠቅማል። ቀጥሎ ፈሳሹ በመርፌ ይቀዳል፤ ይህም ልብን ከጭንቀት ያሳርፋል፣ ለምርመራም ናሙና ይሰጣል።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ደም የቀላቀለ ፈሳሽ በቲቢም በካንሰርም ይታያል፤ ስለዚህ በዓይን መለየት አይቻልም። የፓቶሎጂ ባለሙያ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ መርምሮ የካንሰር ሕዋስ ባያገኝ እንኳ ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ የቲቢ ምርመራም ከዚህ ፈሳሽ ላይ በሽታውን ሊስት ይችላል። በዚህ ጊዜ ናሙናው ይደገማል፣ ደረት በሲቲ ስካን ይታያል፣ ከሳንባው ወይም ከከረጢቱ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል። ያለ ማረጋገጫ የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ማስጀመር ካንሰሩ እንዲስፋፋ ጊዜ መስጠት ሊሆን ይችላል። የካንሰር ሕዋስ በፈሳሹ ውስጥ ከተገኘ ሕመሙ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ሕክምናውም ከቀዶ ጥገና ይልቅ በመድኃኒትና ሕመምን በማስታገስ ላይ ያተኩራል።

ካርቱም ይህን ሰንሰለት የምታከናውንበት አቅም ነበራት። የጨረርና አይሶቶፕ ማዕከሏ በአውሮፓውያኑ 1967 የተመሠረተ ነው። ሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲፈነዳ ሥራው ተቋረጠ። ታካሚዎች ወደ ዋድ መዳኒ የካንሰር ተቋም ቢሄዱም፣ ያችም ከተማ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ የጨረር ሕክምና ፈላጊዎች ወደ ሰሜናዊቷ መረዌ አቀኑ። በአንጻሩ የጣሊያኑ ድርጅት ኢመርጀንሲ በ2007 በካርቱም ሶባ የከፈተውና ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የጎረቤት አገራት ሕሙማንን በነጻ የሚያክመው ሳላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል በጦርነቱም መሥራቱን አላቆመም። ዋና ሥራው ግን የተጎዳ የልብ ቫልቭ መጠገንና መተካት እንጂ ካንሰር ማከም አይደለም።