ማስታወቂያው ለማን ወጣ?

በቅርቡ ሕግ ተምሮ የተመረቀ አንድ ዐይነ ስውር ወዳጃችን፣ አንድ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ያወጣውን የሥራ ማስታወቂያ ሲፈልግ ከጎኑ ተቀምጠን ነበር። ኮምፒዩተሩ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም አለው፤ ይኸውም አንድ ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረውና ያለ ዋጋ የሚታደለው ኤንቪዲኤ ነው። ፕሮግራሙ የገጹን ርእስ ደኅና አድርጎ አነበበ፤ ከማስታወቂያው ሲደርስ ግን ሥዕል መሆኑን ብቻ ተናግሮ አለፈ።

«እስቲ እናንተ አንብቡልኝ» አለን። አነበብንለት። የማመልከቻው ጊዜ ያለቀው ትናንት ነው። ወዳጃችን ከሳምንት በፊትም ገጹን ከፍቶ፣ ያን ጊዜም ሥዕል አለ ከመባል በቀር የሰማው ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስታወቂያው በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ ይታተማል፤ ይፈረምበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይለጠፋል። ለሚያይ ሰው ፊደል ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን የቀለም ነጠብጣብ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ማኅተሙን ማክበራችሁ ደግ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፉን መጨመርን ግን የከለከለ የለም።

ፊደላችን ለኮምፒዩተር እንግዳ ነው የሚለው ምክንያትም ዛሬ አያስኬድም። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበረ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያነበው አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። በዚያው ዓመት ድረ ገጽ ለሁሉ እንዲመች የሚያዘው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ በመጀመሪያ ያሰፈረው ሥዕል ሁሉ የጽሑፍ ምትክ ይኑረው የሚለውን ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ ኢንተርኔትን በስሙ ይጠቅሳል።

ጉዳቱ ደግሞ የዐይነ ስውራን ብቻ አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ሦስት ባይት ይይዛል፤ 2,000 ፊደል ያለበት ገጽ 6,000 ባይት ገደማ መሆኑ ነው። ፎቶግራፉ ብዙ ጊዜ ከዚህ መቶ እጥፍ ይበልጣል፤ በስልክ የሚከፍተው የገጠር መምህር ሒሳቡን የሚከፍለው ከኪሱ ነው።

በማግሥቱ ከወዳጃችን ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። የተጻፈው ማስታወቂያ ይኖር እንደ ሆነ ጸሓፊዋን ብንጠይቃቸው፣ «አለ እንጂ፤ የት ይሄዳል?» ብለው ከኮምፒዩተራቸው አወጡና ላኩለት። ወዳጃችን ደጃፉ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ፣ ያለፈችውን ቀን ጭምር፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።