የሜዳ ድልና የዳገት ድል

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከማኪንድዬ ኮረብታ ወርዶ እንደገና ወደ ኮሎሎ የሚወጣ እግረኛ፥ መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ጉልበቱ ይነግረዋል።

መጋቢት 17 ቀን 2009 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭ ሩጫ ውድድር በኮሎሎ ሜዳ በተደረገ ጊዜ፥ ይኸው እውነት በሕዝብ ፊት ታየ። የዑጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ10 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ሁሉን ጥሎ ሲመራ ቆይቶ፥ በመጨረሻው ዙር ጉልበቱ ከዳው፤ በወገኖቹም ፊት 30ኛ ሆኖ ጨረሰ። ድሉን የኬንያው ጄፍሪ ካምዎሮር ወሰደ። በዚያው ዕለት ከ20 ዓመት በታች በሆኑት ሴቶች ውድድር ኢትዮጵያዊቷ ለተሰንበት ግደይ አሸነፈች።

በአገር አቋራጭ ሩጫ ሣሩ፥ ጭቃውና ዳገቱ እርምጃን ይሰብራሉ፤ ጉልበቱን አስቀድሞ ያባከነ ሰው ዕዳውን በመጨረሻ ይከፍላል። የስታዲዮም መሮጫ ግን ለጥ ያለ ነው፤ አንዱ ዙር 400 ሜትር ሲሆን፥ ፍጥነት የሚያወጡ ሯጮች ከፊት ይቀድማሉ። ሁለት አገር አቋራጭ ሜዳዎች ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉም፥ በዚህ ሩጫ የዓለም የሰዓት ክብረ ወሰን አይመዘገብም። በቦውሊንግ ጨዋታም ነገሩ እንዲሁ ነው። በወለሉ ላይ የሚቀባው ዘይት አቀባቡ ሲለወጥ ኳሱን መምራት ይቀላል ወይም ይከብዳልና፥ በሁለት ቦታ የተገኘ አንድ ዓይነት ነጥብ እኩል ችሎታን ላያመለክት ይችላል።

ታዲያ ቼፕቴጌይ ከአስቸጋሪው ሜዳ አልሸሸም። በ2011 ዓ.ም. በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ፥ ሯጮቹ ሣር በለበሰው የሙዚየም ጣራ ላይ እየወጡ በሚወርዱበት ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም በኋላ ምቹው ሜዳ ፍጥነቱን ገለጠለት፤ ነሐሴ 8 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞናኮ 5,000 ሜትር በ12 ደቂቃ ከ35.36 ሴኮንድ፥ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በቫሌንሲያ 10,000 ሜትር በ26 ደቂቃ ከ11.00 ሴኮንድ ሮጦ የቀነኒሳ በቀለን ሁለት ክብረ ወሰኖች አሻሻለ። በቫሌንሲያ በዚያችው ምሽት ለተሰንበት 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሴኮንድ ፈጽማ፥ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ያስመዘገበችውን ክብረ ወሰን ሰበረች። በሁለቱም ከተሞች በመሮጫው ጠርዝ የተተከሉ መብራቶች ፍጥነቱን ለሯጮቹ ያመለክቱ ነበር።

እንግዲህ ወላጆችና የስፖርት መምህራን ሆይ፥ ልጁ ሮጦ ሲመለስ «ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» ከማለት በፊት «በምን ዓይነት ሜዳ ሮጥህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ምቹው ሜዳ ፍጥነትን ያሳያል፤ ዳገቱ ደግሞ ጉልበትን በልክ ማውጣትንና ትዕግሥትን ያስተምራል። በዳገት ዘግይቶ የገባውን ልጅ በሰዓት ብቻ ፈርዶ ከቡድን ማስወጣት፥ የነገውን ሯጭ ዛሬ ማጣት ሊሆን ይችላል።