ከፍ ለተደረጉ የመስክ መኪናዎች ተስማሚ አሞርዛተር ስለ መምረጥ

በድርቅ ወደ ተጎዳ ወረዳ የሚላክ እህል ከወደብ እስከ ዋናው መጋዘን የሚጓዘው በአመዛኙ በደኅና መንገድ ነው። ችግሩ የሚበረታው ከዚያ ወዲያ ነው። ከአውራ ጎዳናው ተገንጥሎ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው የሚወስደው የመጨረሻው መንገድ ወንዝ የሚያቋርጥ፣ ድንጋይ የበዛበት ወይም በክረምት የሚዘጋ ሆኖ ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. የብሪታንያና የምዕራብ ጀርመን ወታደራዊ አውሮፕላኖች በሰሜኑ ደጋ እህል በጆንያ ከአየር እስከ መጣል የደረሱት መኪና የማይደርስባቸው ስፍራዎች በመኖራቸው ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው፣ እንዲሰፍሩ ከተደረጉባቸው አካባቢዎች መካከል እንደ መተከልና ጋምቤላ ያሉት ቆላማ ስፍራዎች ጥቁር መረሬ አፈር የሚበዛባቸው ናቸው። ይህም አፈር ዝናብ ሲነካው መኪናን አስሮ ያስቀራል።

በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ላይ የሚሠማሩ፣ በአራቱም ጎማቸው የሚጎትቱ የመስክ መኪናዎች ከፋብሪካ ከወጡበት ቁመት ከፍ ተደርገው መዘጋጀታቸው የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ መኪናው ከፍ ከተደረገ በኋላ የቀድሞው አሞርዛተር እንዳለ የሚተውበት፣ ወይም ዝናው ብቻ ታይቶ ሌላ የሚገዛበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ውጤቱም የተጣመመ ዘንግ፣ የተገነጠለ ማሠሪያና ከዚህም የከፋ አደጋ ነው። በመሆኑም ለመስክ መኪናዎች አሞርዛተር የሚመረጥበትን መንገድ የትራንስፖርት ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች ሊያውቁት ይገባል።

የአሞርዛተር ሥራ

የመኪናውንና የጭነቱን ክብደት የሚሸከሙት ሞላና ባሌስትራ ናቸው። የአሞርዛተር ሥራ ሞላው ከታመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይነጥር ማብረድ ነው። በአሞርዛተሩ በርሜል ውስጥ ዘይት አለ፤ ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ በበርሜሉ ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይወጣል።

ይህን የሥራ ክፍፍል አለመገንዘብ ለብዙ ከንቱ ወጪ ምክንያት ነው። ሲጫን ኋላው የሚንበረከክ መኪና ጠንካራ አሞርዛተር ስለ ተገጠመለት ቀና አይልም፤ የሚያስፈልገው ለጭነቱ የሚመጥን ባሌስትራ ነው። በአንጻሩም ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚዋልል መኪና የባሌስትራ ቅጠል ቢጨመርለት ይብስበታል እንጂ አይሻለውም፤ የጠነከረ ባሌስትራ በኃይል ስለሚነጥር የበለጠ የሚያበርደው ይሻልና።

የተደራረቡ የባሌስትራ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ንዝረቱን በከፊል ራሳቸው ያበርዳሉ። በብዙ ከባድ የጭነት መኪናዎች አሞርዛተር ከፊት ብቻ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሞላ ግን እንዲህ ያለ ፍትጊያ ስለሌለው ንዝረቱን ለማብረድ የሚተማመነው በአሞርዛተሩ ብቻ ነው። በእርዳታ ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር 70 ዓይነት መኪና ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከፊት በሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ የሚሠራ በመሆኑ የፊትና የኋላ አሞርዛተሮቹ ለየብቻ ሊመረጡ ይገባል።

መኪና ከፍ ሲደረግ የሚለወጠው

ከፍታ መጨመር ሆዱን ከድንጋይ ያድናል፤ ወንዝ ለመሻገርም ይረዳል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ይርቃል፤ በመሆኑም በጠመዝማዛና ዘንበል ባለ መንገድ ላይ የመገልበጥ አደጋ ይጨምራል። በጣራው ላይ የነዳጅ በርሜል፣ ትርፍ ጎማና ጓዝ ከተጫነበት ደግሞ አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። የካርዳኑ ማእዘን ይለወጣል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦ ይወጠራል፤ ከፊት በሞላ በሚሠሩ መኪናዎችም የመሪው አቀማመጥ ስለሚዛባ መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ያስቸግረዋል።

ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ማድረግ አይመከርም። ለአብዛኛው የመስክ ሥራ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭማሪ በቂ ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን የሚለወጠው ዕቃ እየበዛ፣ መኪናውም በመስክ ለመጠገን እያስቸገረ ይሄዳል።

ርዝመትን በልክ ስለ መወሰን

ከፍ ለተደረገ መኪና አሞርዛተር ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ርዝመቱ ነው። ሁለት ልኮች ይፈለጋሉ፤ አንዱ አሞርዛተሩ ፈጽሞ ሲታመቅ፣ ሁለተኛው ፈጽሞ ሲዘረጋ የሚኖረው ርዝመት ነው። ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሲታመቅ 35፣ ሲዘረጋ 57 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሞርዛተር መኪናው ቆሞ ሳለ 46 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል እንበል። ወደ ላይ 11፣ ወደ ታች 11 ሴንቲ ሜትር የመንቀሳቀሻ ቦታ አለው ማለት ነው። መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲደረግና አሞርዛተሩ ሳይለወጥ ሲቀር የቆመበት ልክ 51 ይሆናል፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የሚቀረው የመዘርጊያ ቦታ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አክስሉ በወረደ ቁጥር አሞርዛተሩ እንደ ሰንሰለት ተወጥሮ ይይዘዋል። ፒስቶኑ ከበርሜሉ አፍ ጋር ይጋጫል፤ ዘይት የሚይዘው ጎማ ይቀደዳል፤ በመጨረሻም ማሠሪያው ይገነጠላል።

ረጅም አሞርዛተር መግጠም ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። መኪናው ከፍ ቢልም አክስሉ በትልቅ ጉብታ ላይ ወደ ላይ የሚመጣው መግቻው ላስቲክ ከሻንሲው ጋር እስኪገናኝ ድረስ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ላስቲኩ ሻንሲውን የሚነካው አሞርዛተሩ 38 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ቢሆን፣ ሲታመቅ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ አሞርዛተር ከላስቲኩ ቀድሞ ይሞላል። ያን ጊዜ የመኪናውና የጭነቱ ምት በሙሉ በቀጭኑ የአሞርዛተር ዘንግ ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ መግቻውን ላስቲክ በከፍታው መጠን ዝቅ ማድረግ ነው። ላስቲኩ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢደረግ በ43 ላይ ይነካል፤ ሲታመቅ 40፣ ሲዘረጋ 62 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሞርዛተርም በደኅና ይሠራል። ላስቲኩ ራሱ ስለሚታመቅ በመካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ትርፍ መተው ግዴታ ነው።

ልኩ የሚወሰደው በግምት ወይም በካታሎግ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ላይ ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ የዘወትር ጭነቱን እንደ ያዘ፣ ከላይኛው ማሠሪያ እስከ ታችኛው ማሠሪያ ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎም ሻንሲው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ተደግፎ፣ አሞርዛተሩ ተፈትቶ፣ አክስሉ በክሪክ ወደ ላይ እስከ መግቻው፣ ከዚያም ወደ ታች እስከ መጨረሻው እየተንቀሳቀሰ ሁለቱ ልኮች ይመዘገባሉ። አክስሉ ወደ ታች ሲወርድ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር፣ ሞላውም ከመቀመጫው እንዳይወጣ መታየት አለበት። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ መኪናዎች አሞርዛተሩ በክንዱ መካከል ስለሚታሠር ጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ አሞርዛተሩ የሚዘረጋው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ የመኪናውን ከፍታ እንዳለ በአሞርዛተሩ ርዝመት ላይ መደመር ያሳስታል።

የማብረድ ኃይል

ሁለተኛው ምርጫ አሞርዛተሩ ሲታመቅና ሲዘረጋ የሚያሳየው የመግታት ኃይል ነው። ይህ ኃይል ከሞላው ጥንካሬና ከሚሸከመው ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። ኃይሉ ካነሰ ጎማው ከመሬት እየተነሣ ይዘላል፤ በዚህ ጊዜ ፍሬንም መሪም ጥቅም አይሰጡም። ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ እንደ ቆርቆሮ ጣራ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ፣ አሞርዛተሩ ከአንዱ ጉብታ ተዘርግቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይደርስበታል። መኪናው እየተሰበሰበ ዝቅ ይልና በመግቻው ላስቲክ ላይ መሄድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሻንሲውና በውስጡ ያለው ሰው፣ መድኃኒትና ዕቃ ሁሉ ይደበደባል።

የእርዳታ መኪና ልዩ ችግር ጭኖ ሄዶ ባዶውን መመለሱ ነው። ለሙሉ ጭነት የተመረጠ አሞርዛተር በባዶው ይጠነክራል፤ ለባዶው የተመረጠውም በጭነት ጊዜ ይሸነፋል። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ መኪናው በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የሚሸከመው ክብደት በመኪና ሚዛን ታውቆ፣ ሞላውም አሞርዛተሩም ለዚያ ክብደት መመረጥ አለባቸው። የመገናኛ ሬዲዮ፣ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክና የብረት መከላከያ የያዘ መኪና ባዶ ነው ሲባል እንኳ ባዶ አይደለም። ኃይሉ በእጅ የሚስተካከል አሞርዛተርም አለ፤ ጠቃሚ የሚሆነው ግን ሾፌሩ ሲጭንና ሲያራግፍ ማስተካከሉን የማይዘነጋ ሲሆን ነው።

የአሠራር ዓይነቶች

በገበያ የሚገኙት በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ባለሁለት በርሜል ሲሆን ፒስቶኑ በውስጠኛው በርሜል ይሠራል፤ ውጪኛው የዘይት ማጠራቀሚያ ነው። ድንጋይ ውጪኛውን ቢያጎድጉደው እንኳ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ዋጋውም ይቀላል። ጉድለቱ ሙቀቱን ቶሎ አለማውጣቱና፣ ጋዝ ከሌለው፣ በተከታታይ ምት ዘይቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ መሆኑ ነው። አረፋ የሆነ ዘይት በቀዳዳው ያለ ግታት ስለሚያልፍ አሞርዛተሩ ለጊዜው እንደሌለ ይቆጠራል። በውስጡ መጠነኛ ግፊት ያለው የናይትሮጂን ጋዝ የተሞላው ዓይነት ይህን ችግር በብዙ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ባለአንድ በርሜል ነው። ዘይቱና በ20 ባር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ የታመቀው ጋዝ በተንሸራታች መክፈያ ይለያያሉ። ዘይቱ ከውጪው አየር በአንድ ግድግዳ ብቻ ስለሚለይ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ረጅምና የተሸበሸበ መንገድንም የበለጠ ይችላል። ሆኖም ፒስቶኑ በቀጥታ በውጪው ግድግዳ ላይ ስለሚሠራ በድንጋይ የተጎደጎደ እንደ ሆነ ይነክሳል። ዘይቱ በቱቦ ከተያያዘ ተጨማሪ ማጠራቀሚያ ጋር የሚመጣውም ሙቀትን በመቋቋም የላቀ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ፣ ቱቦው ለድንጋይ የተጋለጠ፣ ጥገናውም ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ነው።

ከዚህ የሚገኘው መመሪያ ቀላል ነው። ድንጋይ ለሚበዛበትና በዝግታ ለሚኬድበት ደጋማ መንገድ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ጋዝ የተሞላ ባለሁለት በርሜል ይስማማል። እንደ አፋርና ሶማሌ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ለሚገኘው ረጅም የጠጠር መንገድ፣ ታችኛው ክፍሉ በብረት ሽፋን ከድንጋይ የተከለለ ባለአንድ በርሜል ይመረጣል። በዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንዲህ የጋለ አየር የአሞርዛተሩን ሙቀት የመቀበል አቅሙ አነስተኛ ነው።

አገጣጠምና ምርመራ

በመጋዘን ተጋድሞ የቆየ ባለሁለት በርሜል አሞርዛተር ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ተደርጎ ጥቂት ጊዜ መታመቅና መዘርጋት አለበት፤ አለበለዚያ በውስጠኛው በርሜል የገባው አየር አይወጣም። ይኸው ዓይነት ተገልብጦ አይገጠምም። አሞርዛተር በአንድ አክስል ላይ የሚለወጠው በጥንድ ነው። ጎሚኒ የሚባለው የማሠሪያ ላስቲክ እንዳይጠመዘዝ ቡሎኑ በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ተጠምዞ ጎማው አሞርዛተሩን አለመንካቱም ይረጋገጣል።

በመስክ ላይ ሾፌሩ በየዕለቱ ሊያደርገው የሚገባ ምርመራ አጭር ነው። በርሜሉ ላይ የሚወርድ ዘይት፣ የተበላ ጎሚኒ፣ የተሰነጠቀ ማሠሪያ፣ በጎማው ላይ በየቦታው የተበላ ጥርስ መኖሩ ይታያል። ከተሸበሸበ መንገድ በኋላ አራቱ አሞርዛተሮች ሊሞቁ ይገባል፤ እጅን ሳያስነኩ በማስጠጋት ሲፈተሽ ከጓደኛው ተለይቶ ቀዝቅዞ የተገኘው ሥራ ያቆመ ነው። እጅግ የጋለ ከሆነ ደግሞ ፍጥነት መቀነስና ማሳረፍ ይበጃል። በጠጠርና በአሸዋ ላይ የጎማውን ነፋስ በመጠኑ መቀነስ፣ ከፍጥነት መቀነስ ጋር፣ የአሞርዛተሩን ድካም ያቃልላል። አስፋልት ሲደረስ ግን ነፋሱ መመለስ አለበት።

ለግዥ ጥያቄ የሚያስፈልጉ ዝርዝሮች

የግዥ ጥያቄ የመኪናውን ስም ብቻ ይዞ ሲላክ የሚመጣው ዕቃ ለፋብሪካው ቁመት የተሠራ ይሆናል። ስለሆነም ጥያቄው የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ከፍ የተደረገበትን መጠን በሴንቲ ሜትር፣ በየአክስሉ የተመዘነውን የዘወትር ክብደት፣ የተለኩትን የመታመቂያና የመዘርጊያ ርዝመቶች፣ የላይኛውንና የታችኛውን ማሠሪያ ዓይነት፣ እንዲሁም መኪናው የሚሠራበትን መንገድ መግለጽ ይኖርበታል። በአንድ ጣቢያ የሚሠሩ መኪናዎች በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት አሞርዛተርና ጎሚኒ እንዲኖራቸው ማድረግ የመለዋወጫ ክምችትን ያቃልላል፤ ከአንዱ መኪና አውጥቶ ለሌላው ለመግጠምም ያስችላል።

አሞርዛተሩ የተበላሸ መኪና ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይቆምም። እየተዋለለ፣ ጎማውን እየበላ፣ ማሠሪያውን እያላላ ይጓዛል፤ የሚቆመውም ጋራዥ በሌለበት፣ ወንዝ ሊሞላ በተቃረበበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ የሚዘገየው የመኪናው ጉዞ ብቻ አይደለም፤ በማከፋፈያው ጣቢያ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ ራሽንም አብሮ ይዘገያል። ከጣቢያ ከመነሣት በፊት በሜትር ተለክቶ የሚወሰድ ልክ ይህን መዘግየት አስቀድሞ ለመከላከል ከሚያስችሉት እርምጃዎች ሁሉ ወጪው አነስተኛ የሆነው ነው።