የማይገለበጥ ጥያቄ

የኦንላይን ፈተና ዋና ችግር ኩረጃ ይመስላል፤ ሥሩ ግን የጥያቄው ዓይነት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ የጎንደር ተማሪዎችም እንደ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ማስታወሻና አሳይመንት በቴሌግራም ይከተላቸው ጀመር። ፈታኝ በሌለበት ቤት «ትርጉሙን ጻፍ» ብሎ መጠየቅ የኢንተርኔቱን ፍጥነት ከመለካት አያልፍም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ተፈታኙ ግን የሚቀመጠው በፈተና ጣቢያ፣ በፈታኝ ዓይን ሥር ነው። ቤቱ ሆኖ ለሚማር ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

ያ መንገድ ለጎንደር ባዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም የራሱን አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፤ ጀማሪው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ይነሣል። የቆጠረውንም ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸው ሰምና ወርቁን፣ ቤት አመታቱን እየመረመሩ ያርሙታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አዲስ ሆኖ አይቀርብምና የሌላውን ሸምድዶ መምጣት አያዋጣም። መማሩና መመዘኑ እዚያው አንድ ላይ ነው።

በዘመናዊው ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ በሥራ ላይ ያሠለጥን ነበር። በዚያ መንፈስ የተነደፈ የኦንላይን ኮርስ «ውሃ ወለድ በሽታ ምንድን ነው?» ብሎ አያቆምም፤ ተማሪው የሰፈሩን ምንጭ አይቶ አደጋውን እንዲለይ፣ መፍትሔም እንዲያቀርብ ያዛል። ከዚያ መምህሩ ደውሎ «ይህን ለምን መረጥህ?» ይለዋል። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ያልሠራው ይታወቃል። ኮርሱ የሚነደፈውም ከዚህ ሥራ ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው፤ ለሥራው የማያገለግል ምዕራፍ ይቀነሳል።

የደጋው ኑሮም መታሰብ አለበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከደጋው የጃናሞራ ወረዳ ኔትወርክ ፍለጋ መንገድ ለሚወጣ ተማሪ የቀጥታ ቪዲዮ ግዴታ ሊሆንበት አይገባም፤ አንዴ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ሞጁል፣ አጭር የድምፅ ትምህርት፣ በሳምንት የሚቆጠር የማስረከቢያ ጊዜ ይሻለዋል።

ከባዱ የመምህሩ ጊዜ ነው። 200 ተማሪ ያለውን ክፍል በየሳምንቱ አንድ በአንድ መጠየቅ አይቻልም። በየዙሩ ጥቂቶችን በዕጣ መጥራት ግን ይቻላል፤ ዕጣው በማን ላይ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ሠርቶ ይጠብቃል።