ፊርማ የሚጠብቅ ቅጣት

በኢትዮጵያ የሞት ቅጣት ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ነው። ፍርዱ የተፈጸመበት ሻለቃ ፀሐዬ ወልደሥላሴ፣ የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን ግንቦት 1993 አዲስ አበባ ውስጥ በመኮንኖች ክበብ ተኩሶ በመግደል ጥፋተኛ የተባለ ነበር። በዚያው በሐምሌ ወር ሩዋንዳ፣ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰባት አገር፣ ቅጣቱን ከሕጓ አወጣችው። እኛ አላወጣነውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልፈጸምነውም። ፍርድ ቤት ይፈርዳል፤ ፍርደኛው ማረሚያ ቤት ይቀመጣል።

መሃል ላይ የቆመው አንድ ፊርማ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ ያላጸደቀው የሞት ፍርድ አይፈጸምም። ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት ባልሞላው ላይ አይፈረድም፤ በአደባባይም በስቅላትም መግደል ክልክል ነው። መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መጋቢት 1953 ተክለ ሃይማኖት አደባባይ በሕዝብ ፊት ሲሰቀሉ ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቅጣቱ ጨርሶ ይቅር የሚሉ ወገኖች ሥራ እዚህ አገር ቀጭን ሆኖ የቆየው ሰው ጠፍቶ ብቻ አይደለም። በ1984 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) የመሳሰሉ ድርጅቶች በአዋጅ 621/2001 እጃቸው ታስሮ ነበር፤ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። አዋጁ በ1113/2011 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት አለፈ። የተቃዋሚ ፖለቲከኛው አንዳርጋቸው ጽጌ በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው፣ በ2006 ሰንዓ ላይ ተይዘው ሲመጡ ስለ ጉዳያቸው አጥብቆ የጮኸው ለንደን ያለው የመብት ድርጅት ሪፕሪቭ ነበር። በግንቦት 2010 ተፈቱ።

እዚህ ከሁሉ የተሳካላቸው ግን፣ በእኔ ግምት፣ የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 በደርግ መሪው በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቻቸው ላይ የዕድሜ ልኩን ፍርድ ወደ ሞት ሲያከብደው፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንደ ዘር ማጥፋት ላለ ወንጀል ምሕረትና ይቅርታን ዘግቶ ነበር። አንዲት ቀዳዳ ግን ትቷል፦ ርዕሰ ብሔሩ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ ሊለውጥ ይችላል። አባቶቹ በዚያች ቀዳዳ ገቡ። በ2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን ፍርድ ለወጡ። ከነዚያ ፍርደኞች ፍቅረሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ከእስር ወጥተው አሳተሙ። ኅዳር 14 ቀን 1967 በደርግ ያለ ፍርድ የተረሸኑት ወደ 60 የሚጠጉ ሹማምንት ግን ምንም አልጻፉልንም። የተረሸኑበት ዓለም በቃኝ እስር ቤት ፈርሶ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሞበታል።

አዲስ አበባ፣ ወሎ ሰፈር ሻይ ቤት ግን ስለ ፊርማና ስለ አንቀጽ የሚያወራ የለም። ሕፃን ተገደለ የሚል ዜና ሲሰማ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ብይኑ ይሰጣል፦ «ይሰቀል!» አንዱ «ተሳስተው ቢይዙትስ?» ቢል፣ «የልጁ እናት ትጠየቅ!» ይባላል። ለዚህ የዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር መቁጠር መልስ አይሆንም። በየዓመቱ መስከረም 30 ገደማ የሚውለው የፀረ ሞት ቅጣት ቀን በአዳራሽ ንግግር የሚያልቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሰፈሩ ስሙን በሚጋራው ወሎ ግን አበጋሮች አሉ። ነፍስ ሲጠፋ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ተቀምጠው የሚያስታርቁ፣ ካሣ የሚያስወስኑ፣ የሟችን ወገን ከበቀል የሚመልሱ ናቸው። ያችን እናት ቀድሞ የሚያናግር ሥርዓት ነው። ደም ማድረቅን የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ሞት ቅጣት ሊያወራ አይችልም ማለት ስንፍና ነው። እርግጥ ሽምግልናው ገዳይን ከእስር የሚያስመልጥበትና ሴቶችን የሚዘልበት ጊዜ አለ፤ እንዳለ ወስዶ ሕግ ማድረግ አይቻልም።

መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተጠለሉባት ዚምባብዌ በታኅሣሥ 2017 የሞት ቅጣትን ሰርዛለች። ሕጉን የፈረሙት ኤመርሰን ምናንጋግዋ ራሳቸው በወጣትነታቸው ሞት የተፈረደባቸው ሰው ናቸው። በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱን መንካት እንኳ አያስፈልግም፦ አንቀጽ 15 ቅጣቱን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። የወንጀል ሕጉን ማሻሻል ለተወካዮች ምክር ቤት ተራ ድምፅ የሚበቃው ጉዳይ ነው።